ሰልባጅና ቦንዳ፦ የተለበሰ ልብስ ታሪክ ከመዲና እስከ ሐይቅ ገበያ

  

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ታሪክ የነገሥታት ወይም የጦር ሜዳ ታሪክ አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት ሣጥን ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ጮክ ብለን የማንናገርለት ነገር ታሪክ ነው። የሰልባጅ ታሪክ ነው።

ኢድ ሊደርስ ሰሞን ሐይቅ ገበያ የወጣ ሰው የሚያየው ይታወቃል። ሸራ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ከቦንዳ የወጣው ልብስ በላዩ ይከመራል፤ ሻጩ ከክምሩ አጠገብ ቆሞ ገዢ ይጣራል። እናቶች ያጎነብሱና ክምሩን ማገላበጥ ይጀምራሉ። ያነሱትን ቀሚስ ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያያሉ። ብብቱን ይመለከታሉ፤ የሱሪውን ጉልበትና መቀመጫ በአውራ ጣታቸው ይፈትሻሉ፤ ዚፑን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ የአንገትጌውን ውስጥ ይገለብጣሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ማንም አያፍርም። ሐፍረቱ የሚመጣው ከክፍያ በኋላ ነው። የተገዛው ልብስ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይገባና አፉ ይቋጠራል። መንገድ ላይ ያገኘች ጎረቤት «ምን ገዛሽ እቴ?» ካለች መልሱ «ኧረ ትንሽ ነገር ነው» ይሆናል።

በእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። በልጅነታችን ጓደኞቻችን ስለ ልብሳችን ሲጠይቁን «ከደሴ የመጣ ነው» እንል ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ቦንዳውም የሚመጣው ከደሴ ነበርና።

ሐፍረቱ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባላነሳነው ነበር። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። «የጎረቤት ልጅ አዲስ ለብሶ የኔ ልጅ ሰልባጅ ለብሶ ለኢድ ሶላት አይወጣም» ብሎ ከሰው የሚበደር፣ አልፎም ለዘር ያስቀመጠውን እህል የሚሸጥ አባወራ ሁላችንም እናውቃለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ አዲስ ልብስ ለብዙ ቤተሰብ ከእጅ ርቋል። በእኛ ቤት ሒሳብ በአንድ አዲስ ሱሪ ዋጋ ሦስት ልጅ ይለብስ ነበር። ይህን ያህል ልዩነት ያለበትን ነገር በሐፍረት ብቻ መተው አይገባምና፣ ሐፍረቱ ራሱ ከየት እንደመጣ በታሪክ እንመርምረው።

ከአገራችን እንጀምር። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የተሁለደሬ ከተማ ናት። ወደ ሰሜን ሲያልፉ ውጫሌ፣ አምባሰል ነው። በዚህ አገር አያቶቻችን ዘመን አንድ ጋቢ ከብዙ ሰው እጅ ያልፍ ነበር። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፤ ሴቶች ፍሬውን አውጥተው፣ ባዘቶ አድርገው፣ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ፈትሉ ለሸማኔ ይሰጣል። የአንድ ጋቢ ፈትል የብዙ ወራት ምሽት የፈጀ ሥራ ነበር። ስለዚህ ጋቢ እንዲሁ አይጣልም። አባት ለብሶት ጠርዙ ሲበላ መሐሉ ተቆርጦ ለልጅ ይሆናል፤ ከልጁ ሲተርፍ የሕፃን ማቀፊያ ይሆናል፤ ከዚያ ከሌላ ቁራጭ ጋር ተደራርቦ ተጥፎ ድሪቶ ይሆናል፤ በመጨረሻም ክሩ ተገምዶ ለኩራዝ ይገባል። የሞተ ሰው ልብስም ለወራሾች ይከፋፈላል ወይም በስሙ ሰደቃ ይወጣል። በዚያ ዘመን «ሌላ ሰው የለበሰው ነው» ብሎ የሚጠየፍ ካለ ራቁቱን ለመሄድ የቆረጠ መሆን አለበት።

ከዚያ አቡጀዲ መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚወጣው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ አገራችን ገበያዎች ገባ። በጣቃ ተጠቅልሎ፣ በአጋሰስና በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ከሚያመላልሱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ የአሜሪካኑን ከገበያ ገፋው፤ ስሙ ግን አቡጀዲ እንደተባለ ቀረ። ልብ በሉ፣ ስሙ ዐረብኛ ነው፤ «ጀዲድ» ማለት አዲስ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከገዛ ቤታችን ፈትል ያልወጣ፣ በስሙ ሳይቀር «አዲስ» የሚባል ልብስ አየን። እንደኛ ግምት የአሮጌ ልብስ ሐፍረት የተወለደው ያኔ ነው። አዲስ የሚባል ነገር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ እስካልታየ ድረስ አሮጌ የሚባለው ልብስ ብቻ ነበር።

አቡጀዲ ሌላም ሥራ ያዘ። የከፈን ጨርቅ ሆነ። ዛሬም በወሎ ለጀናዛ ወደ ሱቅ የሚላክ ሰው የሚጠይቀው አቡጀዲ ነው። ይህን ስናስብ ደግሞ ወደ መዲና፣ ወደ አንድ ሕመምተኛ አልጋ እንሄዳለን።

የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር (ረ.ዐ.) ሊሞቱ ሲሉ ልጃቸውን እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) ስለ ከፈን አነጋገሯት። ለብሰውት የነበረውን፣ የሻፍራን ነጠብጣብ የነበረበትን ልብስ አሳዩና፣ ታጥቦ ሁለት ልብስ ተጨምሮበት በእርሱ እንዲከፈኑ አዘዙ። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ልብሱ ያረጀ መሆኑን ብትነግራቸው፣ ለአዲስ ልብስ ከሙት ይልቅ በሕይወት ያለው ሰው የበለጠ የተገባ መሆኑን ነገሯት። ይህን ኢማሙል ቡኻሪ ዘግበውታል። የኢስላም መንግሥት መሪ ነበሩ፤ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በእጃቸው ነበር፤ በአሮጌ ልብስ ተቀበሩ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡትን ዑመርን (ረ.ዐ.) ደግሞ አነስ (ረ.ዐ.) የአማኞች መሪ በነበሩበት ዘመን አይተዋቸው፣ በትከሻቸው መካከል አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ሦስት ጥፍ እንደነበረባቸው ተናግረዋል፤ በኢማሙ ማሊክ ሙወጠእ ተመዝግቧል። የዑመር ዘመን ፋርስና ሻም የተከፈቱበት ዘመን መሆኑን አትርሱ። ልብስ ጠፍቶ አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ልብሳቸውን በእጃቸው ይሰፉ፣ ጫማቸውንም ይጠግኑ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች።

ስለ መልበስ ይህን ካልን፣ ስለ መግዛትና መሸጥስ? አነስ (ረ.ዐ.) ያወሩትና አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ፤ ሙሐዲሶች ስለ ሰነዱ ጥንካሬ የተነጋገሩበት ቢሆንም ዑለማዎች በጨረታ ስለ መሸጥ ሲያነሱ ሁልጊዜ ይጠቅሱታል። ከአንሷር የሆነ አንድ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሊለምን መጣ። ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁት። ከፊሉን የሚለብሱት፣ ከፊሉን የሚያነጥፉት አንድ ሻካራ ጨርቅና አንድ የውኃ መጠጫ ዕቃ ብቻ ነበረው። አስመጧቸውና በእጃቸው ይዘው በሰው መካከል ለጨረታ አቀረቧቸው። አንዱ አንድ ዲርሃም አለ፤ ጭማሪ ጠየቁ፤ ሌላው በሁለት ዲርሃም ወሰዳቸው። ሰውየው በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው የመጥረቢያ ብረት እንዲገዛ አደረጉ፤ እጀታውን በራሳቸው እጅ ገጠሙለት፤ እንጨት እየቆረጠ እንዲሸጥና 15 ቀን እንዳያዩት ነገሩት። ሰውየው ሲመለስ አሥር ዲርሃም ይዞ ነበር፤ በከፊሉ ልብስ፣ በከፊሉም ምግብ ገዝቶበት ነበር። እዚህ ታሪክ ላይ የተሸጠው ምን እንደሆነ አስተውላችኋል? የተለበሰ ጨርቅ ነው። የገዛው ሰው አላፈረም፤ የሸጡትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው።

በኋለኞቹ ዘመናት ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ያረጀ ልብስ በዐረብኛ «ኹልቃን» ይባላል፤ ነጋዴውም «አል-ኹልቃኒ» ይባል ነበር። በ2ኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን ኩፋ ላይ የነበሩ፣ በ173 ዓመተ ሒጅራ ገደማ ያረፉ ኢስማዒል ኢብኑ ዘከሪያ አል-ኹልቃኒ የሚባሉ የሐዲስ ዘጋቢ አሉ። በቡኻሪም በሙስሊምም ሰሒሕ ውስጥ በሰንሰለቱ መካከል ስማቸውን ታገኙታላችሁ። በእኛ ቋንቋ ቢተረጎም «ኢስማዒል ሰልባጁ» እንደማለት ነው። ዑለማዎች ስሙን አልደበቁትም፤ ከሐዲሱ ጋር ትውልድ ለትውልድ አስተላለፉት። ካይሮ ውስጥ ደግሞ በ845 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ፣ ከዙወይላ በር አጠገብ የተለበሰ ልብስ የሚሸጥበት ገበያ እንደነበረ መዝግበዋል። ከሐር ነጋዴው፣ ከሽቶ ነጋዴው ገበያ እኩል ስምና ቦታ ነበረው።

እንግዲህ ወደ ወሎ እንመለስ። ሰልባጅ የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ድምፁ ይናገራል፤ ከመርከብ አደጋ የተረፈ ዕቃ ከሚባልበት የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው ይባላል። ዕቃውም እንደ ስሙ በባሕር መጣ። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ በኩል አፋርን አቋርጦ ዓሰብ የሚደርሰው መንገድ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ወሎ ለባሕር ቅርብ ሆነ። የዓሰብ ጨውና ነዳጅ የመጣበት መንገድ ሰልባጅንም አመጣ። የሰኞው የባቲ ገበያ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት፣ ከወደብ ለመጣ ዕቃ ሁሉ የመጀመሪያው የደጋ በር ነበር፤ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ እያለ ይወጣል።

ዕቃው ግን ሁልጊዜ በንግድ ብቻ አልመጣም። በ1977ቱ ረሃብ ለወሎ ሕዝብ ከስንዴውና ከዘይቱ ጋር ልብስም መጥቷል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ያንን ጊዜ ሲያወሩ የአውሮፓ ክረምት ወፍራም ካፖርት ለብሰው በቆላ ፀሐይ ስለቆሙ ሰዎች ይነግሩናል። ምናልባት የዛሬው ሐፍረታችን አንዱ ሥር እዚያም ይኖራል። የተለበሰ የፈረንጅ ልብስ ማየት ያንን ዓመት ያስታውሳል፤ ያንን ዓመት ማስታወስ የሚወድ የለም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የዓሰብ በር ተዘጋ። ንግዱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሰልባጅም መንገዱን ቀየረ እንጂ አልቀረም።

ይህ ልብስ መጀመሪያ ከየት ይነሳል? እ.ኤ.አ. በ1902 ቦስተን ከተማ ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ሰባኪ ከሀብታም ቤቶች ያገለገለ ልብስና ዕቃ እየሰበሰበ፣ ሥራ ያጡ ድሆችን ቀጥሮ እያሳደሰ፣ በርካሽ የሚሸጥበትን ሥራ ጀመረ። ዛሬ ጉድዊል የሚባለው ድርጅት ከዚያ የበቀለ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ደርሰው የመጀመሪያውን የክረምት ጃኬት የሚገዙት ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ሱቅ ነው፤ ለእኛ ሲደውሉ ግን ይህን አይነግሩንም። ሐፍረቱ ቪዛ አያስፈልገውም! ሰዎች በምጽዋት የሰጡት ልብስ በእነዚህ ሱቆች ተሸጦ የማያልቅ ሲሆን በጅምላ ለነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው በዓይነት ያስለያል፤ በማሽን ተጨምቆ፣ ብዙውን ጊዜ 45 ኪሎ እየሆነ፣ በፕላስቲክና በጠፍር ይታሰራል። ቦንዳ የምንለው ይህ ነው። ከፊሉ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በኩል ያልፋል፤ እዚያ እንደገና ተለይቶ ወደ አፍሪካ ይላካል። ስለዚህ ቦስተን ያለች አሮጊት በነፃ የሰጠችው የልጅ ሹራብ ሐይቅ ሲደርስ ዋጋ አለው። በመካከል የተነካካው እጅ ሁሉ ድርሻውን ወስዷል።

በምሥራቅ አፍሪካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ሚቱምባ» ይሉታል። ጋናዎች የሚሉት ደግሞ «የሞተ ነጭ ሰው ልብስ» እንደማለት ነው፤ ይህን ያህል ብዙና ጥሩ ልብስ በሕይወት ያለ ሰው ይጥላል ብለው አላመኑም ነበርና። ነገሩ መንግሥታትንም አጣልቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች የልብስ ፋብሪካዎቻቸውን ለማሳደግ ሲሉ ያገለገለ ልብስ ቀስ በቀስ ለማስቆም ተስማሙ። ሩዋንዳ ቀረጡን በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም አሳደገች። የአሜሪካ ልብስ ላኪዎች አቤት አሉ፤ በ2018 አሜሪካ የሩዋንዳን ልብስ ያለ ቀረጥ የማስገባት ዕድል አገደች። ሌሎቹ አገሮች ወደኋላ ሲሉ ሩዋንዳ አልተመለሰችም።

በአገራችን ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው። በ1953 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅም፣ ከሐይቅ ቅርብ ያለው የኮምቦልቻው ፋብሪካም ሠራተኛ አላቸው፤ ሠራተኛው ልጆች አሉት። የክልከላው ምክንያት ምክንያት ነው፤ አናናንቀውም። ነገር ግን ክልከላው ቦንዳውን ከገበያ አላጠፋውም። ያመጣው አንድ ለውጥ፣ ሻጩን መሰወር ነው። ለኛ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

የሐይቅ ትንሽ ነጋዴ ቦንዳ የሚገዛው ታሽጎ ነው። ከላዩ «የልጆች» ወይም «የሴት ቀሚስ» ወይም «ሹራብ» የሚል ምልክት ይኖረዋል። ጠፍሩ ከተቆረጠ በኋላ መመለስ የለም። አንድ ዘመዳችን በአንድ ወቅት ከቤት ሽንኩርት ሽያጭ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የልጆች ልብስ ነው የተባለ ቦንዳ ገዛ። ሲፈታው ከላይ ጥቂት የልጆች ልብስ ነበረበት፤ ከሥሩ ያለው ወገቡ የሰፋ የወንድ ሱሪ ነበር፤ ግማሹ ዚፕ የለውም። ሁለት ቀን ምግብ አልበላም። የሸጠለት ሰው «ወላሂ እኔም ታሽጎ ነው የደረሰኝ» አለ። ውሸቱን አልነበረም።

አሁን የሸራው ሥር ያሉትን እናቶች አስታውሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጃሂሊያ የተለመደውን «ሙላመሳ» የሚባል ሽያጭ ከልክለዋል። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) እንዳብራሩት ሙላመሳ ማለት ሰው ልብሱን በሌሊትም ይሁን በቀን በእጁ ይነካዋል እንጂ ሳያገላብጠው ሽያጩ የሚጸናበት ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ከ1400 ዓመት በፊት ስለ ልብስ ገበያ የተነገረው ክልከላ «ማገላበጥ» የሚለውን ቃል ይዞ መጣ። ሐይቅ ላይ ያቺ እናት ልብሱን ወደ ፀሐይ ዘርግታ ስታገላብጥ የምትሠራው ሥራ ይኸው ነው። እርሷ አገላብጣ ትገዛለች፤ የሸጠላት ነጋዴ ግን ሳያገላብጥ ገዝቷል።

ስለ ታሸገ የልብስ እስርም ዑለማዎች ተወያይተውበታል። ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ እንደገለጹት በመዲና አንድ የጨርቅ ነጋዴ እስሮቹን ይዞ ሲመጣ የዝርዝሩን ወረቀት ያነባል፤ ይህን ያህል ከዚህ ዓይነት፣ ይህን ያህል ከዚያ ዓይነት እያለ። ሰዎች ሳይፈቱ ይገዙታል። ሲፈታ ከዝርዝሩ ጋር ከገጠመ ሽያጩ ይጸናል፤ ይህን ከሙላመሳ ለይተው የመዲና ሰዎች የቆየ አሠራር ነው አሉ። ሐነፊዮች ያልታየ ዕቃ ቢሸጥም ገዢው ሲያየው የመመለስ መብት አለው ይላሉ። ሻፍዒያ በጸናው አቋማቸው ያልታየን ዕቃ መሸጥ አይፈቅዱም። በወሎ ሐነፊውም ሻፍዒውም አለ፤ ስለዚህ የየአካባቢያችሁን ሸኽ ብትጠይቁ መልሱ ሊለያይ ይችላል። ሦስቱም ግን በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ገዢው የተነገረውን ካላገኘ የሚይዘው ሰው ሊኖር ይገባል። የመዲናው ነጋዴ ዝርዝሩን ካነበበ በኋላ ገበያው ውስጥ ነበር። ኮንትሮባንድ ሆኖ በሌሊት አፋርን ያቋረጠ ቦንዳ ግን ባለቤቱ ማን ነው? ለዘመዳችን የመመለስ መብት አለህ ብንለው ለማን ይመልሰው? አቤት ቢል ራሱ ይያዛል። ኪሣራው ከላይ ወደ ታች ወርዶ፣ ሌላ የሚያስተላልፍበት ከሌለው ከመጨረሻው ሰው ጋር ይቆማል። የቦንዳ ንግድ ትልቁ ችግር ልብሱ መለበሱ ሳይሆን ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ሁለት ነገር ሳናነሳ አናልፍም፤ ብዙ ጊዜ የምንጠየቀው ነውና። የመጀመሪያው፣ ሙስሊም ያልሆነ ሰው በለበሰው ልብስ ይሰገዳል ወይ የሚለው ነው። ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ እጅጌው ጠባብ የሆነ የሻም ጁባ ለብሰው ነበር፤ ሻም ያኔ የሮማውያን አገር ነበረች። ከእነርሱ አገር የመጣ ልብስ በመሠረቱ ንጹሕ ነው፤ የተለበሰውን ግን፣ በተለይ ሱሪና የውስጥ ልብስን፣ ሳይታጠብ መስገድ የጠሉ ዑለማዎች አሉ። ሰልባጅ ደግሞ ለሶላቱ ባይሆን እንኳ ለጤናው መታጠብ አለበት። በፈላ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ሊተኮስ የሚችለው ስፌት ስፌቱ ይተኮስ።

ሁለተኛው፣ በእርግጥ ያተርፋል ወይ የሚለው ነው። ላየ ሰው ያተርፋል። ርካሽ ነው ብሎ ከልጁ ልክ የማይገናኝ ልብስ የሚያነሳ ሰው ገንዘብ አላዳነም፤ ሣጥን ሞላ እንጂ። እናታችን ገበያ የምትወጣው የእያንዳንዳችንን ቁመት በቋጠሮ የለካችበትን ገመድ ይዛ ነበር። ሰፋ ያለውን ትገዛና ሲንጀሩን በረንዳ ላይ ወደዘረጋው ልብስ ሰፊ ትወስደዋለች፤ ውስጡን አስተርፎ እንዲያጥፈው ታዘዋለች፤ በዓመቱ እጥፉ ይፈታል። የተቆረጠውን ቁራጭ አትተውለትም፤ ለጉልበት ጥፍ ይሆናልና። ያ ሱሪ ሦስት ወንድማማች አልፏል። ጨርሶ ሲያልቅ ደግሞ ልዋጭ የሚለው ልጅ ለአንድ የፕላስቲክ ጆግ ይወስደዋል። የጋቢው ታሪክ በሌላ ጨርቅ ቀጠለ ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በሐይቅ አቅራቢያ ጃሪ መጠለያ ገብተው ሳለ ከየቤቱ ልብስ ተሰብስቦ ሲላክ አይተናል። ጥሩውን ታጥቦ፣ ተጣጥፎ የላከ ነበር። የተቀደደውን፣ ቁልፉ የወለቀውን፣ ለወለል መወልወያ እንኳ የማይሆነውን በማዳበሪያ ጠቅጥቆ የላከም ነበር። በዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ሲያወጡ የሚቀበሉትን ሰዎች ፊት ማየት ከባድ ነበር። ቦንዳ ታሽጎ መሸጡን የምንወቅስ ሰዎች ሰደቃችንንም አሽገን ልከን ነበርና።

ባለፈው ጊዜ ሐይቅ በሄድንበት ወቅት አራት ሴቶች አገኘን። ሁሉም ሸራ ዘርግተው የሚሸጡ ናቸው። ቀድሞ እያንዳንዳቸው ተበድረው አንዳንድ ቦንዳ ይገዙ ነበር፤ አንዷ ሲወጣላት ሌላዋ ትከስራለች። አሁን ተዋጥተው አንድ ቦንዳ ይገዛሉ። ከፈጅር በኋላ በአንደኛዋ ግቢ ተሰብስበው ጠፍሩን ይቆርጣሉ። ሁሉም እያየ አንድ በአንድ ይወጣል፤ ይገለበጣል፤ ወደ ብርሃን ይዘረጋል። ጥሩው በአንድ በኩል፣ መካከለኛው በአንድ በኩል፣ የተበላሸው በአንድ በኩል ይከመራል። ከዚያ ከሦስቱም ክምር አራት አራት ድርሻ ይወጣና በጠጠር ዕጣ ይጣላል። እኛ በደረስንበት ቀን ከተበላሸው ክምር አንድ ዚፕ የሌለው የሕፃን ጃኬት ትርፍ ሆኖ ቀረ። አምስተኛ ድርሻ ሆነና ለግቢው ባለቤት ልጅ ሰጡት። ልጁ ወዲያው ለበሰው፤ ሴቶቹም ሸራቸውን በትከሻቸው አድርገው ወደ ገበያ ወጡ።